የእጅ ፍሬን እስከ ጫፍ ተስቦም ዳገት ላይ አይዝም፤ ግቢ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል?

የሽሮሜዳዋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ የመጀመሪያው ሞዴል፣ አውቶማቲክ፣ ከኋላ ታምቡር ያላት። የእጅ ፍሬኑ እየላላ እየላላ መጥቶ አሁን እስከ ጫፍ ስቤውም ዳገት ላይ አይዝም። ቤታችን ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ገባ ብሎ ስለሆነ በአካባቢው ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ፒ ላይ አድርጌ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሸጉጬላት ነው የምታድረው። የቦሎ ምርመራ ጊዜም ደርሷል።

ወንድሜ መጠነኛ የመፍቻ ስብስብ አለው፤ እጁም ቀና ነው። ጋራዥ ሳንሄድ ራሳችን ማስተካከል እንችላለን? ቪዲዮዎቹ ግራ አጋቡኝ። አንዱ መቀመጫው መሀል ያለችውን ዳዶ አጥብቀሽ ጨርሽ ይላል፣ ሌላው ጎማ ፍቺ ይላል።

ቶሎ_ቶሎ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

በጣም ቀላል ነው እህቴ። የእጅ ፍሬኑን እጀታ የከበበውን የፕላስቲክ ሽፋን አንሺው። ካቦው ጫፍ ላይ ዳዶ አለች፤ በ10 ቁጥር መፍቻ እስኪጠብቅ ድረስ አዙሪያት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማ ፍቺ የሚሉሽ ሥራ የሚፈልጉ ናቸው።

ጋሽ_ታኮ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ልጄ፣ ዳዶዋን ከመንካትሽ በፊት ትንሽ ታገሺኝ።

የእጅ ፍሬን የሚላላው ወይ ካቦው ተለጥጦ ነው፣ ወይ ታምቡሩ ውስጥ ያሉት ሸራዎች አልቀው ከታምቡሩ ግድግዳ ርቀው ነው። ካቦ የሚለጠጠው በጥቂቱ ነው፤ ያውም አዲስ በተገጠመ ሰሞን። የቆየች መኪና ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሸራው ነው።

ሸራው ርቆ ሳለ ካቦውን ብትወጥሪው ምን ይሆናል? ታምቡሩ ውስጥ ካቦው የሚጎትታት አንዲት ዘንግ አለች። እጀታው ሲወርድ ይህቺ ዘንግ ሙሉ በሙሉ ወደ ማረፊያዋ መመለስ አለባት። ካቦው ከተወጠረ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ያኔ የሸራውን ርቀት በራሱ የሚያስተካክለው ኮከብ ጥርስ መሥራት ያቆማል። እጀታው ጠብቆ ስታዪው የዳነ ይመስልሻል፤ ታች ግን ሸራው እያለቀ ይሄዳል፣ የእግር ፍሬኑ ሲረገጥ ወደ ታች ይሰምጣል። ሌላ ጊዜ ደግመሽ ላጥብቅ ስትዪ ክሩ አልቋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሸራ፣ ካቦ መጨረሻ። ቶሎ ቶሎ ያሳየሽ ዳዶ ትክክለኛዋ ናት፤ ተራዋ ገና ነው።

እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። እጀታው በየቀኑ ይሳብ ነበር? ወይስ አውቶማቲክ ናት ተብሎ ፒ ላይ ብቻ ነው የምትቆመው?

የሽሮሜዳዋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መኪናዋ የእናቴ ነበረች፤ እሷ ፒ ላይ ብቻ ነበር የምታቆማት። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጋሽ_ታኮ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ገምቼ ነበር። በብዙ የቶዮታ ታምቡሮች ያቺ ኮከብ የምትዞረው እጀታው ሲሳብና ሲለቀቅ ነው። የማይሳብ የእጅ ፍሬን ራሱን አያስተካክልም። ሰው «አልጠቀምበትም፣ እንዳያልቅ» ይላል፤ እንዲያውም የሚበላሸው ባለመነካቱ ነው።

እንግዲህ ምንም ሳትፈቱ ይህን ሞክሩ። ሜዳ ቦታ አቁሟት፣ የፊት ጎማዎቹን ታኮ አስገቡላቸው፣ ሞተሩን አጥፉ። አንቺ እጀታውን ሙሉ ሳቢ፣ ሙሉ ልቀቂ፤ ደጋግሚው። ወንድምሽ ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጥ። ኮከቧ እየሠራች ከሆነ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሸራው ቦታውን ሲይዝ ድምፁ ይጠፋል፣ እጀታውም እየጠበቀ ይመጣል። በግራም በቀኝም መስማቱን ይንገርሽ።

ሚኒባስ_ነኝ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡33)

ከርዕሱ ብወጣም ይፈቀድልኝ፤ ጎማ ሥር ድንጋይ የምትሸጉጡ ሰዎች ጠዋት ስትነሡ ድንጋዩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ጥግ አድርጉት። በዚያ በሽሮሜዳ መንገድ በጨለማ ስወርድ መሀል አስፋልት ላይ ነው የማገኘው። ይኸው ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡05)

ከሜሪላንድ ነኝ። ስለ ፒ አንድ ነገር ልጨምር። ፒ ላይ ስታደርጉ መኪናዋን የሚይዛት ካምቢዮው ውስጥ ያለች አንዲት ጥፍር ናት፤ ከማርሽ ጥርስ መሀል ገብታ ትቆልፋለች። ዳገት ላይ የመኪናው ክብደት በሙሉ እሷ ላይ ይተኛል። ጠዋት ከፒ ስታወጡ ማርሹ አልነቃነቅ ብሎ «ጓ!» የሚለው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ እግር ፍሬን ረግጦ ኤን ላይ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፣ እግርን ቀስ ብሎ ማንሣትና መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲደላደል መተው። ከዚያ እግር ፍሬኑን እንደገና ይዞ ፒ። እንዲህ ከሆነ ሸክሙን የሚሸከመው የእጅ ፍሬኑ ነው፤ ጥፍሯ ተጠባባቂ ናት።

እዚህ አሜሪካ የመኪና ፍሬንን የሚመለከተው የፌዴራል ደንብ፣ ቁጥር 135 የሚባለው፣ የእጅ ፍሬን መኪናውን በ20 በመቶ ዳገት ላይ ሽቅብም ቁልቁልም ዞሮ ለ5 ደቂቃ እንዲይዝ ያዝዛል። 20 በመቶ ማለት 100 ሜትር ስትሄዱ 20 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ነው። እጀታውን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይልም ከ400 ኒውተን መብለጥ የለበትም፤ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት እንደማንሣት ነው። ስለዚህ «የኔ ዳገት ከባድ ስለሆነ ነው» አትበሉ፤ ጤነኛ የእጅ ፍሬን የሽሮሜዳ ዳገት አያሸንፈውም።

የሽሮሜዳዋ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20)

ሞከርነው። በግራ በኩል ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እየቆየ ድምፁ ጠፋ። በቀኝ በኩል ግን ከመጀመሪያውም ምንም ድምፅ የለም። እጀታው ትንሽ ጠበቅ ብሏል፤ ዳገት ላይ ግን አሁንም ትንሸራተታለች።

ቶሎ_ቶሎ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡31)

አየሽ፣ ዳዶዋን ብታጠብቂ እስካሁን ጨርሰሽ ነበር።

ጋሽ_ታኮ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05)

ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ጎን ተጣብቆ ሳለ ካቦውን ብትወጥረው ግራው ብቻውን ይይዛል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ካልያዙ ደግሞ በምርመራው ማሽን ላይ ወዲያው ይታያል፤ ማሽኑ ግራና ቀኙን ለየብቻ ነው የሚለካው።

ልጄ፣ የቀኙ ኮከብ ዝጎ ተጣብቋል። ታምቡሩ መውጣት አለበት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቦታ ግን ይመርጣል። ግቢያችሁ ዘንበል ያለ ከሆነ እዚያ አትሞክሩት። ሜዳ ግቢ ያለው ዘመድ አይጠፋም። ኮብልስቶን ከሆነ ክሪክ ይሸሻል፤ ሥሩ ወፍራም ጣውላ አስገቡ።

ለዚህ ሥራ የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ነው የሚቆየው። ስለዚህ መኪናዋን ሌላ ነገር ይያዛት፤ ፒ ላይ ትሁን፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባላቸው። ቪትዝ የምትነዳው በፊት ጎማ ስለሆነ ፒ የሚቆልፈው እነሱን ነው፤ የኋላው ነፃ ሆኖ ይሽከረከራል፣ ለእኛም የሚመቸን ይኸው ነው። የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ ፈታ አድርጉና ከዚያ አንሡ። ከተነሣች በኋላ መቆሚያ ብረት ይግባላት። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ ተማምነው ሥሩ አይገቡም። ብሎኬትም እንዳታደርጉ፤ ደህና መስሎ ቆይቶ በአንዴ ይፈረካከሳል።

አሁን መጀመሪያ የካቦውን ዳዶ ፈቱት፤ ውስጥ ያሉት ዘንጎች ማረፊያቸው ላይ እንዲቀመጡ። ቀጥሎ ጎማውን አውጡ። ታምቡሩ ፊት ላይ ክር ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች አስገብታችሁ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፤ ታምቡሩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ጠርዙን በመዶሻ የሚወቅጥ ሰው ታምቡር ሊገዛ ሶማሌ ተራ ይወርዳል።

በብሎኖቹም እምቢ ካለ ሸራው ታምቡሩን በልቶ የሠራው ጠርዝ ይዞታል። ከኋላ በኩል፣ ታምቡሩን ከውስጥ በኩል በሚከድነው ሳህን ላይ፣ በላስቲክ የተወተፈች ቀዳዳ አለች። ውታፏን አውጥታችሁ በአንድ ካቻቢቴ የማስተካከያዋን ምላስ ገፋ አድርጋችሁ ያዙ፤ በሌላ ቀጭን ካቻቢቴ ኮከቧን ጥርስ በጥርስ መልሱ። ምላሷን ሳትገፉ ኮከቧ ወደ ኋላ አትዞርም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቱ የሚያልቀው።

ታምቡሩ ሲወጣ ጥቁር አቧራ ታገኛላችሁ። እፍ እንዳትሉ፤ በኮምፕሬሰርም አታስነፉት። የቆዩና ምንጫቸው የማይታወቅ ሸራዎች አዝቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ባይኖርም ለሳንባ አይበጅም። ውኃ ረጭታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ።

ከዚያ በስልክ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡ። ቀኙ እስኪገጠም ግራውን አትንኩት፤ ሞላ የት እንደሚሰካ ሲጠፋችሁ እሱን ታያላችሁ።

የምታዩት ሦስት ነገር ነው። የሸራው ውፍረት አንድ ነው፤ የቶዮታ መመሪያ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች አይሁን ይላል፣ እኔ ግን እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም። የፍሬን ሲሊንደሯ ሁለተኛ ናት፤ የላስቲክ ሽፋኗን ጫፍ ገለጥ ስታደርጉ ውስጧ እርጥብ ከሆነ ዘይት እያፈሰሰች ነው። የፍሬን ዘይት የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ቢፋቅም አይድንም፤ ይጣላል፣ ያውም የግራውም አብሮ ይቀየራል። ሦስተኛዋ ኮከቧ ናት። በጣት መዞር አለባት። ካልዞረች አውጥታችሁ ክሯን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ ቀቡ። ግሪሱ ሸራውን እንዳይነካ። የግራና የቀኙ ኮከብ ክር በተቃራኒ የተቆረጠ ስለሆነ እንዳታቀያይሩ፤ ብታቀያይሩ በተሳበ ቁጥር ከመጥበቅ ይልቅ ትላላለች።

አገጣጠሙን ስትደርሱበት እነግራችኋለሁ። አሁን ይብቃኝ፣ ጣቴ ደከመ።

ላዳው (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10)

ጋሽ ታኮ ያሉት ስለ ፒ ለቪትዝ ይሠራል። እኔ ላዳ 2107 ነው የምነዳው፤ ለላዳ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ልተው። ላዳ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሡ መኪናውን ማርሽ ውስጥ ማስገባት ምንም አይጠቅምም፤ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ ያሽከረክረውና መኪናው ከክሪኩ ላይ ወርዶ ይሄዳል። የእጅ ፍሬኑም ለሥራው ስለተለቀቀ የቀረው የፊት ጎማ ታኮ ብቻ ነው። ታኮውን እንደ ቀልድ አትዩት።

ማስተካከያዋ ደግሞ እጀታው ጋ አይደለችም፤ ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ካቦው የሚሳብበት ላይ ነው ያለችው። ባለ 13 ሁለት ዳዶ ናቸው፤ አንዱ ማስተካከያ፣ አንዱ መቆለፊያ። መቆለፊያውን ፈትታችሁ ሌላውን ታጠብቃላችሁ። እጀታው ሲሳብ ከ4 እስከ 5 ጥርስ (ቀጭታ) ላይ መያዝ አለበት። ካቦው ሥር ሁልጊዜ ጭቃ ስለሚበላው አስቀድማችሁ ዝገት ማላቀቂያ ርጩበትና አሳድሩት።

ጋሽ_ታኮ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡45)

ላዳው፣ ተባረክ። ይህንን ልለው ይገባ ነበር።

ራቭ_ፎር (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00)

እኔስ? ራቭ4 ነው፤ ከኋላ ዲስክ አለው፣ ታምቡር የለውም። ታዲያ የእጅ ፍሬኑ የት ነው የሚይዘው?

ጋሽ_ታኮ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20)

አለው፣ ተደብቆ ነው። ዲስኩ መሀል ላይ ያለው ጎድጓዳ ቆብ ውስጥ ትንሽ ታምቡር ናት፤ ለእጅ ፍሬን ብቻ የምትሠራ። ፕራዶም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ሸራዎች የሚይዙት በቆመ መኪና ላይ ስለሆነ ቶሎ አያልቁም፤ ግን ይዝጋሉ፣ ኮከባቸውም በራሱ አያስተካክልም፤ ሰው ነው የሚያዞረው።

ጎማውን አውጥተህ ዲስኩን በሁለት የጎማ ዳዶ አጥብቀህ ያዘው። ዲስኩ ላይ ያለችውን ውታፍ አንሣና ቀዳዳዋ ከኮከቧ ትይዩ እስክትሆን አዙረው። በካቻቢቴ ኮከቧን ዲስኩ አልዞር እስኪል አጥብቃት፤ ከዚያ 8 ጥርስ መልሳት። ዲስኩ ሳይነካካ በነፃ መዞር አለበት። በሁለቱም ጎን እንዲሁ አድርግ፤ የካቦው ዳዶ እዚህም መጨረሻ ነው።

የሽሮሜዳዋ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30)

አጎቴ ቤት ጎፋ ሄደን እየሠራን ነው። ታምቡሩ በሁለቱ ብሎኖች ወጣ፣ ወንድሜ ማመን አቃተው! ሸራው ገና ብዙ አለው፣ ሲሊንደሯም ደረቅ ናት። ኮከቧ ግን ከዝገቱ የተነሣ ከዘንጓ ጋር አንድ ብረት ሆናለች። በዝገት ማላቀቂያና በፒንሳ ታግለን አላቀቅናት፣ አጸዳናት፣ አሁን በጣት ትዞራለች። ጋሼ፣ አገጣጠሙን?

ጋሽ_ታኮ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡48)

ጎበዞች። አሁን ኮከቧን አሳጥራችሁ መልሳችሁ ግጠሟት። የእጅ ፍሬን ዘንጓን በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ ስታደርጓት ኮከቧ ጥርስ በጥርስ ስትዞር ማየት አለባችሁ። ካልዞረች ምላሷ ወይ ሞላዋ ተዛንፏል፤ ታምቡሩን ሳትመልሱ ፎቷችሁን እዩ።

ከዞረች፣ ታምቡሩ ሲገባ ሸራውን በስሱ ፈተግ አድርጎ በቀላሉ እስኪያልፍ ድረስ ኮከቧን በጣት አስረዝሟት። ታምቡሩን መልሱ፣ የእግር ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ርገጡ፤ ሸራው መሀል ላይ ይደላደላል። ከዚያ እጀታውን ሳቢ ልቀቂ፣ ቀጭታው እስኪጠፋ። በእጅ ሲዞር ታምቡሩ ሸራውን በስሱ ሊፈትግ ይችላል፤ መያዝ ግን የለበትም።

አሁን የቶሎ ቶሎ ዳዶ ተራ ደረሰ። እጀታውን አውርደሽ ካቦው ላይ ያለው ልልነት እስኪጠፋ ብቻ አጥብቂና ቁጠሪ። በብዙ ቶዮታዎች በ200 ኒውተን፣ ማለትም 20 ኪሎ ያህል በሚስብ ኃይል፣ ከ6 እስከ 9 ጥርስ ነው የሚፈለገው። በሦስት ጥርስ ከያዘ ከልክ በላይ ወጥረሽዋል፤ መልሺው። የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ደግሞ በመጀመሪያው ጥርስ ላይ መብራት አለበት። መቆለፊያ ዳዶ ካለው ማስተካከያውን በሌላ መፍቻ ይዘሽ ቆልፊው፤ አለዚያ በመንገዱ ንዝረት ይላላል።

በመጨረሻ እጀታው ወርዶ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በእጅ አዙሩ። ሁለቱ እኩል በነፃ ካልዞሩ መኪናዋን መሬት አታውርዱ።

ቢዋይዲ_ገዛሁ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡15)

የኔ ኤሌክትሪክ መኪና እጀታ የለውም፤ ትንሽ መጫኛ ናት። እኔም ሸራውን ቤት ልቀይር እያሰብኩ ነበር። ምን ልጠንቀቅ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40)

እኔ እመልስለት። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሸራውን የሚጨብጠው ካሊፐሩ (ዲስኩን አቅፎ ሸራውን የሚይዘው ክፍል) ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሞተር ነው። የሚጠብቅ ካቦ የለም፤ ርቀቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆጥራል። ሸራ ለመቀየር ግን በምርመራ መሣሪያ ወይም አምራቹ በፈቀደው መንገድ ሞተሩን ወደ ጥገና ሁኔታ መመለስ አለብህ። ይህ ሳይሆን ፒስተኑን በመፍቻ ገፍተህ ለማስገባት ከሞከርክ የሞተሩን ማርሽ ትሰብራለህ። ሌላው፣ ጣትህ ካሊፐሩ ውስጥ ሳለ መኪናው ተከፍቶ ሞተሩ ሊጨብጥ ይችላል።

ደግሞ ኤሌክትሪክ ሁሉ ዲስክ አይምሰልህ። አዲስ አበባ ላይ የሚታየው ፎልክስቫገን አይዲ 4 ከኋላ ታምቡር ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ሲዘገይ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ስለሆነ የኋላ ፍሬኑ ብዙ አይነካም፤ የማይነካ ዲስክ ይዝጋል፣ ታምቡር ደግሞ ተከድኖ ይቆያል።

የሽሮሜዳዋ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡20)

7 ጥርስ ላይ ያዘች። ቤታችን በር ላይ ያለው ዳገት ላይ ኤን አድርጌ፣ እግሬን ፍሬኑ አጠገብ አድርጌ ለቀቅኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጋሼ፣ እናቴ እጅዎ ይባረክ ብላለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ ስሞክራትና ወደ ታች አዙሬ ስሞክራት አያያዟ የተለያየ መሰለኝ፤ በአንዱ በኩል ትንሽ ሸርተት ብላ ነው የምትይዘው። ልክ ነው?

ጋሽ_ታኮ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡00)

ልክ ነው። ታምቡር ውስጥ ሁለት ሸራ አለ። ጎማው ሊዞር ሲሞክር አንደኛውን ሸራ ወደ ግድግዳው ጎትቶ ያጠብቀዋል፣ ሌላውን ገፋ ያደርገዋል። አቅጣጫው ሲገለበጥ ሸራዎቹም ሥራ ይቀያየራሉ፤ ሁለቱ ሸራዎች ደግሞ እኩል ስለማያልቁ ልዩነት ይሰማል። በሁለቱም በኩል ከያዘች ይበቃል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

አሁን መንገድ ሂጂና ስትመለሺ ብዙ ፍሬን ሳትረግጪ አቁሚያት። እጅሽን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጊ፤ አትንኪ፣ አስጠጊ ብቻ። አንዱ ከሌላው ለይቶ የሚሞቅ ከሆነ ሸራው እየጠረገ ነው፤ የካቦውን ዳዶ ትንሽ ፈታ አድርጊ።

ቶሎ_ቶሎ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡25)

እሺ ተረትቻለሁ። ግን የኔ ዲኤክስ በዳዶ ብቻ ነው እስካሁን የቆየችው 😄

ላዳው (እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡31)

ስትቆም ድንጋይ ታደርጋለህ ወይስ አታደርግም?

ቶሎ_ቶሎ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡33)

...አደርጋለሁ።

ደሴ_ቁልቁለት (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለቤቱ፣ ከደሴ ነው። የእኔ ችግር ተቃራኒው ነው። ኮሮላ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ በደንብ ይይዛል፣ ሳወርደው ግን የግራ ኋላ ጎማ አይለቅም። ትንሽ እንደሄድኩ ይሞቃል፣ ይሸታል። ከዝናቡ ወቅት ወዲህ ብሷል። አንድ ልጅ ታምቡሩ ውስጥ ዘይት ልርጭልህ አለኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05)

ታምቡር ውስጥ ዘይት? ልጁን ከመኪናህ አርቀው።

እዚህ በክረምት ይህ ችግር የተለመደ ነው። ካቦው ሽፋን ውስጥ ውኃ ይገባና ሌሊት በረዶ ይሆናል፤ ጠዋት እጀታው ይወርዳል፣ ጎማው ግን ተይዞ ይቀራል። ለዚህ ብለው ቅዝቃዜው ሲበረታ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን የማይስቡ አሉ። ደሴ ላይ በረዶ ሳይሆን ዝገት ይመስለኛል፤ ጋሽ ታኮ ያርሙኝ።

ጋሽ_ታኮ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40)

አላርምህም፣ ልክ ነህ። የካቦው ሽፋን አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ውኃ ገብቶበታል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ዝጎ ሲሳብ ይሄዳል፣ ሲለቀቅ አይመለስም። እጅህ ስቦ ያስገድደዋል፤ የሚመልሰው ግን ታምቡሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞላ ናት፣ እሷ አቅም የላትም።

ካቦው ነው ወይስ ታምቡሩ የሚለውን እንዲህ ለይ። መኪናው በመቆሚያ ብረት ላይ ተነሥቶ፣ እጀታው ወርዶ፣ የካቦው ዳዶ ተፈትቶ እያለ ጎማውን አዙር። አሁንም ከያዘ ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ተጣብቋል ወይም ታምቡሩ ውስጥ ያለችው ዘንግ ዝጋለች። ታምቡሩን አውጥተህ የካቦውን ጫፍ ከዘንጓ ንቀል፤ ዘንጓ በጣት ወዲያ ወዲህ ካለች ጥፋቱ የካቦው ነው። ካቦውንም ለብቻው ጎትተህ ልቀቀው፤ ጤነኛ ካቦ በሽፋኑ ውስጥ ያለ ችግር ይመላለሳል።

ካቦው ከሆነ ዘይት አታጠጣው። ለጥቂት ቀን ይለቅና ተመልሶ ይይዛል፣ ዘይቱም በሽፋኑ ተንቆርቁሮ ሸራው ላይ ይደርሳል። ይቀየር። ለጊዜው መንገድ መሄድ ግድ ከሆነ የካቦውን ዳዶ ፈትተህ ጎማው በነፃ እንዲዞር አድርግ፤ ያኔ የእጅ ፍሬን የለህም ማለት ነውና በደሴ ቁልቁለት ታኮ ከመኪናህ አይለይ። እየሞቀ የሚሄድ ታምቡር የፍሬን ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ የእግር ፍሬኑንም ይወስድብሃል።

አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ካቦ ፈትተህ ይዘኸው ሂድ። የግራና የቀኙ ርዝመት በብዙ መኪና ላይ ይለያያል፤ ባለ ታምቡሩና ባለ ዲስኩ ኮሮላም ካቧቸው አንድ አይደለም። ጎን ለጎን አጋድመህ ርዝመቱን፣ የጫፉን ቅርጽና ከሻሲው ጋር የሚያያዝባቸውን ብረቶች ቦታ አስተያይና ግዛ።

ደሴ_ቁልቁለት (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡58)

ጋሼ፣ የሁለቱንም ጎን ልቀይር ወይስ የግራውን ብቻ?

ጋሽ_ታኮ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡06)

የቀኙን ሽፋን በእጅህ ዳስሰው። ስንጥቅ ከሌለውና ሽቦው በነፃ ከሄደ የግራው ብቻ ይበቃል። አዲሱ ካቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይለጠጣል፤ ያኔ ዳዶዋን አንዴ ታጠብቃታለህ።